ከመሀል አዲስ አበባ ወጥቶ ከከዋክብት ሥር ማደር፦ ወደ ክበባችን ሜዳ ለሚመጡ

«ቴሌስኮፕ የለኝም፣ ልምጣ?» «ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው አይደል የምትወጡት?» «ብርዱ እንዴት ነው?» ከከተማ ወጥቶ ከዋክብት የሚመለከተው ክበባችን የመውጫ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ስልኬ በእነዚህ ጥያቄዎች ይጨናነቃል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አጫጭሩን መልስ ላስቀድም። ቴሌስኮፕ ባይኖራችሁም ኑ። ሙሉ ጨረቃ ላይ አንወጣም። ብርዱ ከምታስቡት ይብሳል።

ለምን ከከተማ እንደምንወጣም በአጭሩ። ጨረቃን፣ ጁፒተርን፣ ሳተርንን እና ደማቆቹን ከዋክብት ከፒያሳም ሆነ ከካሳንቺስ ፎቅ ጣሪያ ላይ ማየት ይቻላል። ለእነሱ መኪና መከራየት አያስፈልግም። ፍኖተ ሐሊብን (ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈውን ደብዛዛ የከዋክብት ጭረት፣ ሚልኪ ዌይን)፣ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እና ደብዛዛ የኮከብ ክምችቶችን ግን የከተማው መብራት ይውጣቸዋል። እንጦጦ ብትወጡም ችግሩ አይፈታም። ከተማው ከእንጦጦ በስተደቡብ ስለተዘረጋ፣ ለእኛ በጣም የሚያጓጓው የደቡብ ሰማይ ነው የሚበላሸው።

ሜዳችን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ከባለመሬቶቹ ጋር ተስማምተን የምንጠቀምበት የግጦሽ ቦታ ነው። ትክክለኛ ቦታውን የምንነግረው ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ሜዳው የጋራ እንደሆነ ሁሉ ጨለማውም የጋራ ነው። አንድ ሰው ነጭ ባትሪ ቦግ ካደረገ የሁሉም ዓይን እንደገና ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ከታች የምታገኟቸው ደንቦች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው።

ምን ይያዛል?

ለመመልከቻ፦
- ባይኖኩላር ወይም ቴሌስኮፕ፣ ካላችሁ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ 7×50 ወይም 10×50 ባይኖኩላር ይሻላል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ርካሽና የሚንቀጠቀጥ ቴሌስኮፕ ከመግዛት መቶ እጅ ይበልጣል።
- ቀይ መብራት። አሠራሩን ደረጃ 4 ላይ ታገኛላችሁ።
- የሰማይ ካርታ። ስልካችሁ ላይ ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ቤት ሳላችሁ ጫኑ። ሜዳው ላይ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል።
- ፓወር ባንክ። ብርድ የስልክ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል።
- ጀርባው የሚጋደም ወንበር ወይም ወፍራም ምንጣፍ። ቀና ብሎ ቆሞ ማየት አንገት ይቆርጣል።

ለማደሪያ፦
- ድንኳን። ከሌላችሁ ስትመዘገቡ ተናገሩ፤ ከሌላ አባል ጋር እናዳብላችኋለን።
- ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ስፖንጅ እና ጋቢ። ጋቢው አይቀርም፤ ስሊፒንግ ባጋችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን።
- ሁለት ሹራብ፣ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ።
- ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ። ሜዳው ላይ ቧንቧ የለም።
- ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ምርጦቹ ሌሊቶቻችን የሚውሉት የነቢያት ጾም ላይ ነው፤ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28። ለጋራ የሚቀርብ ምግብ የጾም ቢሆን ሁሉም ይበላል።
- መታወቂያ፣ የራሳችሁ መድኃኒት፣ ሶፍት፣ የቆሻሻ ፌስታል።

የማይመጣ፦ ስፒከር፣ መጠጥ፣ ድሮን። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ሁላችንንም ጣጣ ውስጥ ይከታል።

ደረጃ በደረጃ

1. ሌሊቱን ምረጡ

ከዝናቡም አስቀድሞ መታየት ያለበት የጨረቃ ነገር ነው። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ ፀሐይ ስትወጣ ትጠልቃለች። ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩን ታበራዋለች ማለት ነው። ፍኖተ ሐሊብን ለማየት ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ የምታዩት ጨረቃን ብቻ ይሆናል። እሷን ደግሞ ከቤታችሁ በር ላይ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየች ትወጣለች። ሙሉ ከሆነች ከሳምንት በኋላ የምትወጣው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ከዚያ ጀምሮ አዲሷ ጨረቃ ብቅ ብላ ሦስት ቀን ያህል እስኪሞላት ያለው ጊዜ ለእኛ ይሆናል።

የኢትዮጵያ አቆጣጠር ፀሐይን ስለሚከተል ወሩ ስንት ቀን እንደሆነው ማወቅ ስለ ጨረቃ ምንም አይነግራችሁም። የሂጅራው ግን ወሩን የሚቆጥረው በጨረቃ ነው። ግድግዳችሁ ላይ ያለው ካላንደር የሂጅራውንም ቀን የሚጽፍ ከሆነ ሥራው አለቀ። ከ25 እስከ ወሩ መጨረሻ፣ ወይም የሚቀጥለው ወር 1፣ 2 እና 3 ላይ የሚውለውን ቅዳሜ ፈልጉ። ቅዳሜው 14 ወይም 15 ላይ ከዋለ ቤታችሁ ተኙ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አንወጣም። ምርጡ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ በልጉ ደመና ያመጣል። ቢሆንም የደቡብ ሰማይ ያኔ ስለሚያምር ዕድላችንን እንሞክራለን።

የደመናውን ሁኔታ ሐሙስ ማታ ዊንዲ የሚባለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ላይ እዩ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ደመናን ለየብቻ ያሳያል። ብዙ ሰው ከፍተኛውን ይንቀዋል። ስስ ከፍተኛ ደመና ቀን ላይ ሰማዩን አይሸፍነውም፤ ማታ ግን ደብዛዛ ነገሮችን ሁሉ ይሰውራል።

አንድ ማሳሰቢያ። መተግበሪያዎቹ የሚጽፉት በፈረንጅ ሰዓት ነው። «ጨረቃ 02፡00 ትወጣለች» ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት አይደለም። በዚህ ምክንያት ጥሩ ሌሊት የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም።

2. ተመዝገቡ፣ ስለ መንገዱም ጠይቁ

እስከ ረቡዕ ተመዝገቡ። ከሐሙስ በኋላ የሚመዘገብ ሰው ቁጥሩን ያዛባል። የሚኒባሱ ኮንትራት፣ ለጥበቃው የሚከፈለው፣ የድንኳኑ ድልድል ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ ነው የተሠራው።

አስተባባሪው ሐሙስ ለአካባቢው ሰዎች ደውሎ ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ ይጠይቃል። አርብ ጠዋት እንደገና ይደውላል። «ዛሬ አይመችም» ካሉት መውጫው ይሰረዛል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ሰማዩ የሚቀጥለው ወርም እዚያው ነው።

እናንተም ለአንድ የቤተሰብ ሰው የት እንደምትሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሆናችሁ እና እሑድ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ስልክ ላይሠራ እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሩ። አለዚያ እናት ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች።

3. ዕቃችሁን ከተማ ውስጥ ፈትሹ

አዲስ ቴሌስኮፕ ከካርቶኑ አውጥቶ ጨለማ ውስጥ መገጣጠም ከባድ ነው። ብሎን ሣር ውስጥ ይወድቃል። ፈላጊም በባትሪ ያበራል። ያኔ የሁሉም ሰው ዓይን ይበላሻል።

ስለዚህ በሳምንቱ ውስጥ ቤታችሁ ገጣጥሙት። ቴሌስኮፑ ጎን ላይ ያለችውን ትንሿን መፈለጊያ ቀን ላይ አስተካክሉ። ከጣሪያችሁ ላይ የሚታይ ሩቅ ነገር ምረጡ፤ የተራራ ጫፍ ላይ ያለ አንቴና ጥሩ ነው። መጀመሪያ በዋናው ቴሌስኮፕ መሀል ላይ አምጡት፤ ከዚያ የመፈለጊያዋን ብሎኖች እያዞራችሁ ያው ነገር እሷም መሀል ላይ እንዲሆን አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ማታ ላይ ቴሌስኮፑ ወደ አንድ ቦታ፣ መፈለጊያዋ ወደ ሌላ ያያሉ፤ ጁፒተርን እንኳ አታገኙም።

ሁለት ጥንቃቄ። ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሩ፤ ለቅጽበትም ቢሆን ዓይን ያጠፋል። ሁለተኛው የመሀል ከተማ ነገር ነው። አራት ኪሎና አካባቢው ቤተ መንግሥትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሉበት። ወደ እነሱም ሆነ ወደ ሰው መስኮት አታነጣጥሩ። «ኮከብ ልይ ብዬ ነው» የሚል መልስ እኩለ ቀን ላይ ማንንም አያሳምንም።

ባለ ኢኳቶሪያል መቆሚያ (የሰማዩን ዙረት ተከትሎ እንዲዞር የተሠራ መቆሚያ) ቴሌስኮፕ ለያዛችሁ ደግሞ ይህችን አንብቡ። መቆሚያው የሚስተካከለው በምትገኙበት ኬክሮስ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ብዙ መቆሚያዎች የተሠሩት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ስለሆነ ወደ 9 ዲግሪ አይወርዱም። ቢወርዱም ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ይህንን ቤታችሁ እያላችሁ እወቁት። ካልወረደ ሰሜን ያለውን እግር አሳጥራችሁ ማዘንበል ትችላላችሁ፤ ከዚያ ግን እንዳይወድቅ እግሮቹ ላይ ክብደት አንጠልጥሉ። በእኔ ግምት ለእኛ አገር የሚመቸው ዶብሶኒያን የሚባለው ቀላል ቴሌስኮፕ ነው። መሬት ላይ ይቀመጣል፣ በእጅ ይገፋል፣ ማስተካከል የለ፣ ባትሪ የለ።

4. ቀይ መብራታችሁን ሥሩ

ጨለማ ውስጥ የሚያዩልን የዓይን ሴሎች ለቀይ ብርሃን ደንታ የላቸውም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ካርታ በቀይ መብራት አንብበን ወዲያው ወደ ኮከቡ መመለስ የምንችለው።

ቀይ መብራት ያለው የግንባር ባትሪ ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ እንዲህ አድርጉ፦
- ተራ የእጅ ባትሪ ፊቱን በቀይ ፊኛ ሸፍኑ። ፊኛውን ቆርጣችሁ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩት። ቀይ ፌስታልም ይሆናል፤ ሦስት አራት እጥፍ አድርጉት።
- ጨለማ ክፍል ውስጥ ሞክሩት። ወረቀት ላይ አንድ ስንዝር ቀርቦ ብቻ የሚያስነብብ ከሆነ ልክ ነው። ክፍሉን በሙሉ ካሳየ ይበዛል፤ አንድ እጥፍ ጨምሩ።

ቀይ ሆኖ በጣም የሚያበራ መብራትም ዓይን ያበላሻል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ «ቀይ ነው እኮ!» ይላል።

ስልኩ የባሰ ጠላት ነው። ስቴላሪየም ውስጥ ቀዩን የሌሊት ገጽታ ብትከፍቱም ቀይ የሚሆነው መተግበሪያው ብቻ ነው። መልእክት ሲገባ ወይም ስትወጡ ነጩ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። ብርሃኑን መጨረሻ ድረስ ቀንሱ፣ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይም ቀይ ፕላስቲክ ለጥፉ።

5. ከመስቀል አደባባይ በ7 ሰዓት ተነሱ

መሰብሰቢያችን መስቀል አደባባይ ነው፤ ቅዳሜ ከቀኑ 6፡30። መኪናው 7 ሰዓት ላይ ይነሳል። የአበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የከተማውን መውጫ የቅዳሜ ትራፊክ ከያዘን ሜዳው የምንደርሰው በጨለማ ነው። በጨለማ መድረስ ማለት ደግሞ በመኪና መብራት ድንኳን መትከል ማለት ነው።

ኬላ ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። መታወቂያችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። የክበቡ ደብዳቤ አስተባባሪው ጋ ነው፤ ስለ ዕቃው እሱ ያስረዳ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ጥቁር ቱቦ አይቶ የሚጠይቅ ፖሊስ ሥራውን እየሠራ ነው። አትቀልዱ፣ አትበሳጩ፣ ከተጠየቀ ፍቱና አሳዩ።

6. ስትደርሱ፦ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ መኪና፣ ከዚያ ድንኳን

ከመኪና ወርዳችሁ በቀጥታ ዕቃ ማውረድ የለም። የመሬቱ ባለቤትና ጥበቃው ጋ ሄዳችሁ ሰላም በሉ። አካባቢው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። «አካም ጂርቱ» እና «ገላቶማ» ማለት ቢያንስ ልመዱ። በዕድሜ የገፉትን አባባ፣ እማማ በሉ። ልጆች መጥተው ይከቧችኋል፤ አታባርሯቸው። ከመምሸቱ በፊት በቴሌስኮፑ ሩቅ ዛፍ አሳዩአቸው። ይህ ሜዳ በእጃችን የቆየው በክፍያው ብቻ አይደለም።

መኪናው አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ይቁም። ሌሊት የሚወጣ ሰው ቢኖር ወደ ኋላ ሲነዳ የሚበራው ነጭ መብራት ሜዳውን አያጥበውም። በር ሲከፈት የሚበራውን የውስጥ መብራት አጥፉት፤ የማይጠፋ ከሆነ በፕላስተር ሸፍኑት። የሻንጣውን መብራት አትርሱ፤ ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው።

ድንኳኖች በአንድ ወገን፣ ቴሌስኮፖች በሌላ ወገን ይሆናሉ። መሀሉ ቢያንስ 30 እርምጃ ይራቅ። ድንኳን ውስጥ የሚበራ መብራት ጨርቁን ራሱን ትልቅ አምፖል ያደርገዋል። የድንኳኑን ገመዶች ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ፤ ሌሊት እየተደናቀፈ የሚወድቅ ሰው አይጠፋም።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ከገበሬዎቹ ጭድ ገዝታችሁ አንጥፉ። ሰውነት ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው ወደ መሬት ነው። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች ባዶ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሲንቀጠቀጥ ነው የሚያድረው። ረግረግና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አትትከሉ፤ ቀዝቃዛ አየር ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው፤ ጤዛውም እዚያ ይበዛል።

7. ከ12 ሰዓት በፊት የሚያልቁ ነገሮች

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ቴሌስኮፑን አውጥታችሁ ሜዳው ላይ አቁሙት። መኪና ውስጥ የሞቀ መስታወት ከውጭው አየር ጋር እስኪስተካከል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የምታዩት ነገር ሁሉ ይርገበገባል፤ «ቴሌስኮፑ ተበላሸ» ይባላል። አልተበላሸም፤ አልቀዘቀዘም።

ቡና የሚፈላው፣ እራት የሚበላው አሁን ነው። በቡታጋዝ ብቻ። ሜዳው ላይ እሳት አናነድም፤ ብርሃኑ አንድ ነገር ነው፣ ጭሱ ደግሞ መስታወት ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛው ቡና ከመጨለሙ በፊት ይጠጣ። መጸዳጃውም የት እንደሆነ በብርሃን እዩት።

ጀምበሯ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ሙሉ ጨለማ የሚሆነው ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው።

8. ማየት

ቀድማችሁ ዓይናችሁን አስለምዱ። 20 ደቂቃ ምንም መብራት ሳታዩ ተቀመጡ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ቀጥሎ ቴሌስኮፕ ውስጥ ገብቶ «ምንም የለም» ይላል።

ደብዛዛ ነገር ስታዩ ፊት ለፊት አትፍጠጡበት። ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ እዩ። የዓይናችን መሀል ለቀለም እንጂ ለጨለማ አይመችም፤ ጠርዙ ይሻላል። ይህችን ብቻ ስታደርጉ ያልነበረ ጋላክሲ ብቅ ይላል።

አቅጣጫችሁን ያዙ። የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትጨብጡ የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰሜን በኩል ዛፍ ወይም ኮረብታ ካለ ኮከቡን አታገኙትም። የፈረንጅ መጽሐፍ «ቀና ብላችሁ ፈልጉት» ቢል አትመኑት፤ እሱ ለአገሩ ነው የጻፈው።

ለዚህ ዝቅታ ግን ካሳ አለ። ከ9 ዲግሪ ላይ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል እናያለን።

ከኅዳር እስከ ጥር ምሽት፦ ኦሪዮን ከራሳችን በላይ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ከመታጠቂያው ሥር ያለውን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) በባይኖኩላር እዩ። ሰባቱ ከዋክብት፣ በሰሜን በኩል አንድሮሜዳ፣ ከሁሉም ከዋክብት የደመቀው ሲሪየስ፣ ከእሱ በስተደቡብ ደግሞ በድምቀት ሁለተኛው ካኖፐስ። ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት ይበዛሉ። ለዚያ ቴሌስኮፕ አትንኩ፤ ጋቢ ለብሳችሁ ተጋደሙ። ምርጡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

የካቲትና መጋቢት፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የፍኖተ ሐሊብ መሀል ይታያል። አምፖል የለመደ ሰው ደመና መጣ ብሎ ዕቃ ለማንሳት ይነሳል።

ሚያዝያ፦ ደመናው ከፈቀደ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ የደቡብ መስቀል በደቡብ ቆሞ፣ በዚያው ሰዓት ታላቁ ድብ በሰሜን ይታያል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማየት የሚቻለው ለምድር ወገብ ቀረብ ካሉ አገሮች ነው። ከመስቀሉ በስተሰሜን ምሥራቅ ኦሜጋ ሴንታውሪን ፈልጉ። በባዶ ዓይን ደብዛዛ ኮከብ ይመስላል፤ በቴሌስኮፕ ሲታይ ግን የከዋክብት ክምችት ነው፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት አሉበት።

የሌላ ሰው ቴሌስኮፕ ስታዩ፦ መጀመሪያ ጠይቁ። ቱቦውን አትያዙ፤ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣጥፋችሁ ዓይናችሁን ብቻ አስጠጉ። ምስሉ ከደበዘዘ ማስተካከያዋን ለባለቤቱ ተዉት። ተራ አለ፤ አንድ ሰው አንድ ሁለት ደቂቃ። መስታወቱ ላይ ጤዛ ካያችሁ በጨርቅ አትጥረጉ፤ ይጫራል። ለባለቤቱ ንገሩት። ቴሌስኮፕ ያላችሁ ደግሞ በቱቦው አፍ ዙሪያ ስፖንጅ ምንጣፍ ጠቅልላችሁ ወደ ፊት አስረዝሙት። ጤዛ የሚወርደው መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚለቅ ነው፤ መከለያው ያዘገየዋል።

9. መተኛት

ሳይበርዳችሁ ልበሱ። አንዴ ከቀዘቀዛችሁ በኋላ መሞቅ ከባድ ነው። ኮከብ የሚያይ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከእግረኛ ይልቅ ይበርደዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደጋ ላይ ጥርት ባለ ሌሊት ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ውርጭም አለ። ከመተኛታችሁ በፊት ካልሲ ቀይሩ። በላብ የረጠበ ካልሲ እግር ያቀዘቅዛል።

ማስጠንቀቂያ

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ፍም ሆኖ ጭስ ባይኖረውም፣ በሩ ገርበብ ቢልም አይገባም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መኪና አስነስቶ ውስጡ መተኛትም ያው ነው። ይህን ሲያደርግ የተገኘ ሰው ወዲያውኑ ከክበቡ ይወጣል።

ጅብ አለ። ብዙ ጊዜ ወደ ሰው ስብስብ አይመጣም፤ የሚመጣው ወደ ሥጋና ወደ አጥንት ነው። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደርም፤ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። መጸዳጃ ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ለጥበቃውም ድምፅ አሰሙ። ከድንኳን ውጪ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚተኛ አይኖርም።

ከዋክብትን ለመጠቆም የሚያገለግለውን አረንጓዴ ሌዘር የሚይዘው አስተባባሪው ብቻ ነው። ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ከላያችን ያልፋሉ፤ ሌዘር የአብራሪ ዓይን ያሳውራል። ለሰው ዓይንም አደገኛ ነው።

ከመሸ በኋላ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ሜዳው ውስጥ በመኪና አትግቡ። መንገዱ ዳር ላይ መብራት አጥፍታችሁ ደውሉ፤ አንድ ሰው በቀይ መብራት መጥቶ ይወስዳችኋል።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ከፍተኛ ማጉያ መጀመሪያ መግጠም። ሁሌም አነስተኛ በሚያጎላው አይፒስ (ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ተቀያያሪ መስታወት) ጀምሩ፤ ሰፊ ሰማይ ያሳያል፣ ነገሩን መፈለግ ይቀላል። አይፒሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትልቅ ከሆነ ማጉላቱ ትንሽ ነው፤ 25 ሚሊ ሜትሩ ከ10 ሚሊ ሜትሩ ያነሰ ያጎላል።
- በኢንተርኔት ፎቶ የሚታየውን ቀለም መጠበቅ። ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ያጠራቅማል፤ ዓይን አያጠራቅምም። ኔቡላ ለዓይን ግራጫ ነው።
- በስልክ ፍላሽ ሰማይን ፎቶ ማንሳት። ፍላሹ ሰማይ አይደርስም፤ እኛ ጋ ግን ይደርሳል።
- ምሽት ላይ በምዕራብ የሚታየውን ከአድማሱ ወደ ላይ የሚሾል ደብዛዛ ብርሃን የከተማ መብራት ነው ብሎ ማለፍ። የፀሐይ ብርሃን በፕላኔቶች መሀል ባለ አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚታይ ነው። ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ላይ አቋሙ ቀጥ ስለሚል ከእኛ ጋ በደንብ ይታያል።
- ሳይበሉ መጥቶ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መራብ።

10. እሑድ ጠዋት

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቁ። የረጠበ ቴሌስኮፕ በቦርሳው ከተዘጋ መስታወቱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ፀሐይ ወዳለበት አቅጣጫ እንዳልዞረ አረጋግጡ።

ጭዱን ለገበሬው መልሱ፤ ለከብት ይሆነዋል። የድንኳን ካስማ ቆጥራችሁ አንሱ፤ ሣር ውስጥ የቀረች ካስማ የላም እግር ትወጋለች። ቆሻሻችሁ ከእናንተ ጋር አዲስ አበባ ይመለሳል፣ የጥበቃው ጉድጓድ ውስጥ አይጣልም። ጉዞው 2 ሰዓት ላይ ነው። ሹፌሩም አብሮን ስለሚያድር፣ ሌሊቱን ሙሉ ኮከብ ሲያይ ካደረ ሌላ ሰው ይንዳ፤ ይህን ቅዳሜ ማታ ላይ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ቤት ስትገቡ ድንኳኑን ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ባትሪዎቹን ከቀዩ መብራት አውጡና የሚቀጥለውን ወር የሂጅራ ቀን እዩ።